የሻይ ሻጩ የአረቄ ወረቀት

በየትኛው ዓመት እንደሆነ በትክክል አላስታውስም። ደርግ እንደነበረ አውቃለሁ፤ ሰው ሁሉ ጓድ ይባል ነበርና። የጓንግ ወንዝ ሞልቶ መንገድ ከዘጋበት ክረምት በኋላ ይመስለኛል። ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው በየማሳው ቆሞ ነበር፤ እንግዲህ ኅዳር ገብቶ መሆን አለበት። ዓመቱን የሚያውቅ ሰው ካለ ያርመኝ፤ አልቀየምም።

ሰውየውን ግን አልረሳም። በቀደም ሸሕዲ መኪና ተራ ተቀምጬ የጎንደሩን አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ከመተማ የመጣ አንድ ነጋዴ «አባ ኸላስ እኮ ሞቱ፤ ከድንበሩ ማዶ ጋላባት ልጃቸው ቤት ነው ያረፉት» አለ። አጠገቡ የነበረው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። አንዱ «ነፍስ ይማር» አለ፣ ሌላው «አላህ ይዘንላቸው» አለ። ከዚያ አንዲት ሴትዮ «ለመሆኑ ስማቸው ማን ነበር?» ብላ ጠየቀች። ነጋዴው አሰበ። አጠገቡ የነበረ አንድ ሹፌርም አሰበ። በመጨረሻ «አባ ኸላስ ነዋ!» አሏት።

እኔ አውቀው ነበር። ግን አውቶቡሱ መጣና ሳልናገር ተሳፈርኩ። መንገዱን ሙሉ ቆጨኝ፤ ስለዚህ እዚህ ልጽፈው ነው። ስማቸውን እንዴት እንዳወቅሁት ካልነገርኳችሁ ግን ስሙ ብቻውን ምንም አይላችሁምና ትንሽ ታገሡኝ።

አባ ኸላስ ሻይ ሻጭ ነበሩ። ዳሳቸው መተማ ውስጥ፣ ከገበያው ወደ ድንበሩ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ከእትዬ ማንጠግቦሽ አረቄ ቤት ፊት ለፊት ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ጀለቢያ ለባሽ ናቸው። በዚያ ጀለቢያ ላይ አንድ የሻይ ጠብታ አይቼ አላውቅም። ማንቆርቆሪያውን ከራሳቸው በላይ አንሥተው ይቀዱና ሻዩ እንደ ክር ወርዶ የብርጭቆው አፍ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። መቅዳት ሲያቆሙ ደግሞ ማንኪያውን ብርጭቆው አፍ ላይ ያጋድሙና «ኸላስ!» ይላሉ። ሱዳኖቹ አለቀ፣ በቃ ሲሉ ነው ኸላስ የሚሉት። ያቺ ማንኪያ ከተጋደመች በኋላ ማንም ይምጣ ማንም፣ ሻይ የለም። ስሙም የወጣላቸው ከዚሁ ነው፤ ጎንደሬ መቼም አባ ሳይል ስም አያወጣም።

እኔ ማዶ ነበርኩ፤ እትዬ ማንጠግቦሽ ቤት አሳላፊ። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ወርጄ ወባ ሁለት ጊዜ ጣለኝ። ሁለተኛውን ጊዜ ከአብርሃ ጅራ በጭነት መኪና፣ ከሰሊጥ ጆንያ ላይ ተጋድሜ መጣሁና እትዬ በር ላይ ተራገፍኩ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር አይቶኝ «ይሄ ሰውዬ ሦስተኛውን አይችለውም፤ ወደ እርሻ እንዳይመለስ» አለ። እትዬም «እንግዲያው መለኪያ ይጠብላ» አሉና በዚያው ቀረሁ። መለኪያ የምላችሁ አረቄ የሚጠጣባትን ትንሿን ብርጭቆ ነው። እሷን ከያዝኩ እኖራለሁ፤ እሷን ከለቀቅሁ ሰሊጥ ነው፤ ሰሊጥ ከሆነ ደግሞ ወባ ነው። የእኔ ነገር ይኸው ነበር።

አንድ ቀን ጠዋት የቀበሌው ጥበቃ በድምፅ ማጉያ እየጮኸ መጣ። «ማንኛውም መጠጥ ሻጭና አሳላፊ ኃላፊነት ያለበት የመጠጥ አቀዳድ ሥልጠና ይወስዳል! ፈተናውን ያላለፈና ወረቀት ያልያዘ ከሰኞ በኋላ መለኪያ አይነካም!»

ከኋላው መዝጋቢው ደብተር ይዞ ይከተላል። እኛን ከጻፈ በኋላ መንገዱን ተሻግሮ አባ ኸላስ ዳስ ገባ። እኔ በር ላይ ቆሜ አያለሁ።

«ስም?»

«ጓድ፣ እኔ እኮ ሻይ ነው የምሸጠው።»

«ሻይ ይበላል?»

«አይበላም።»

«ይጠጣል?»

«ይጠጣል።»

«እንግዲያው መጠጥ ነው። ስም?»

አባ ኸላስ ጎንበስ ብለው ስማቸውን ነገሩት። ከማዶ ሆኜ አልሰማሁትም። እትዬ ማንጠግቦሽ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ሳቁ።

«አባ ኸላስ! በስተርጅና አረቄ ሊያስተምሩዎት ነው!»

«ምን ችግር አለ፣ ያ ሲቲ» አሉ፤ እመቤቴ እንደማለት ነው። «አረቄው ነው እንጂ ትምህርቱ አያሰክር።»

ሥልጠናው በቀበሌው አዳራሽ ነበር። የቆርቆሮው ግለት አናት ይበሳል። አሠልጣኙ ከደጋ የመጣ ጎረምሳ ነው፤ ማስተማሪያ ወረቀቱን ማራገቢያ አድርጎታል። እኛ ሁላችን አምረን ለብሰን ተገኝተናል፤ ለምን እንደሆነ አሁን ይገባችኋል።

«ኃላፊነት ያለበት አቀዳድ ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

እትዬ ማንጠግቦሽ ተነሡ። «ኃላፊ ሲመጣ መጀመሪያ ወንበሩ ይጠረጋል። መለኪያው በአዲስ ውሃ ይታጠባል። ከዚያ በሁለት እጅ፣ ጎንበስ ብሎ…»

«የምን ኃላፊ ነው?»

«እናንተ አይደላችሁም እንዴ ያላችሁት? ኃላፊ ያለበት አቀዳድ!»

«እሜቴ፣ ኃላፊነት ነው ያልኩት! ኃላፊነቱ ያለው እናንተ ላይ ነው!»

ከኋላ ያሉ አንዲት አረቄ ሻጭ ቀስ ብለው «ተሾምን ማለት ነው?» አሉ። ወዲያው እልልታው ቀለጠ። አሠልጣኙ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጣለና ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

እልልታው ሲበርድ አባ ኸላስ እጃቸውን አወጡ። «ጓድ፣ ሰውየው መስከሩን በምን እናውቃለን?»

አሠልጣኙ ከወረቀቱ አነበበ፦ ዓይኑ ይቀላል፣ ንግግሩ ይንተባተባል።

«ጓድ፣ በመተማ ፀሐይ የማን ዓይን ነጭ ነው? ይሄ የጎጃሙ ምትኩም ሳይጠጣ ይንተባተባል።» ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። «እነዚህ ሰውየውን የሚያዩት ወደ አረቄ ቤት ሲገባ ነው። እኔ የማየው ሲወጣ ነው፤ ሻይ ፍለጋ ወደ እኔ ነውና የሚሻገረው። ክርኑን እዩት። ያልጠጣ ሰው ክርኑን ጠረጴዛ ላይ ሲያሳርፍ አያይም። የጠጣ ሰው መጀመሪያ ጠረጴዛውን ይፈልጋል።»

አሠልጣኙ እርሳስ አወጣና ጻፈው።

የእኔ ችግር ሌላ ነበር። አሠልጣኙ አንዱን ደንበኛ፣ አንዱን አሳላፊ አድርጎ ሲያለማምደን «ይበቃዎታል» ማለት አቃተኝ። እኔ ባደግሁበት አገር እንግዳ በቃኝ ሲል ማቆም ነውር ነው። በቃኝ ይላል፣ በሞቴ ትለዋለህ፤ በቃኝ ይላል፣ አፈር ስሆን ትለዋለህ። እንግዳው ራሱም ይህን እየጠበቀ ነው በቃኝ የሚለው። ሳይል ቀድሞ በቃህ ማለትማ በትር ነው።

«በል ጓድ ምትኩ፤ ደንበኛው ሰክሯል። ምን ትለዋለህ?»

«ይበ…ይበ… በሞቴ አንዲት ብቻ!»

«አልሆነም! እንደገና!»

«ይበቃ… አፈር ስሆን!»

እትዬ ማንጠግቦሽ ከጎኔ ሆነው «አንተ ጎጃሜ፣ ወደ ሰሊጥህ ልትመለስ ነው» አሉኝ። ቀልዳቸው ነበር፤ ግን እኔ በዚያ ሙቀት በረደኝ።

በዚያው ሳምንት ከወሎ የመጣ አንድ የቀን ሠራተኛ ከቀትር በፊት ቤታችን ገባ። ጨዋ ሰው ነው፤ በየመለኪያው በቃኝ ይላል። እኔም በየመለኪያው በሞቴ እላለሁ። አመስግኖ ወጣ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጩኸት ሰምቼ ብወጣ፣ ሰውየው መንገዱ ዳር ጠራራ ፀሐይ ላይ ተዘርግቶ፣ አባ ኸላስ በብብቱ ይዘው ወደ ዳሳቸው እየጎተቱት ነው። የቆላን ፀሐይ የማያውቅ ሰው አይረዳኝም፤ እንደዚያ የተኛ ብዙ ጊዜ አይነሣም። ባልዲ ሙሉ ውሃ አፈሰሱበት፣ የጠጅ ብርሌ የሚያህል ብርጭቆ ውሃ በስኳርና በጨው በጥብጠው በማንኪያ አጠጡት። እኔ በባልዲው ተመላለስኩ። አባ ኸላስ ቀና ብለው አላዩኝም። ብቻ «ያ ዞል፣ የማን ሞት ነበር?» አሉኝ። ዞል ሰውዬ ማለት ነው። «በሞቴ ስትለው ሰምቻለሁ። የማን ሞት ነበር?»

ሰውየው ተረፈ። በማግስቱ መጥቶ ሁለት እጄን ይዞ «ወንድም ዓለም፣ እንዳንተ አድርጎ የቀዳልኝ የለም፤ አላህ ያክብርህ» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሱ እንደሄደ መንገዱን ተሻግሬ «አባ፣ ያስተምሩኝ» አልኳቸው።

አባ ኸላስ አረቄ በእጃቸው አይነኩምና ከቀይ አበባ በሚፈላው ከርከዴ ነው ያስተማሩኝ። በቀይ ከርከዴ ሞልተው አንድ ጣሳ አስያዙኝ፣ እሳቸው ደንበኛ ሆኑ። ሰካራም ሆነው ሲያጫውቱ ብታዩ! ያላዩት ዓይነት የለም፤ የሚያለቅሰውን፣ የሚዘፍነውን፣ ዘመዴ ነህ እያለ የሚስመውን፣ ሁሉንም ያውቁታል።

«በቃህ አትበለው» አሉኝ። «እሱ ስድብ ነው፤ አንተም አይወጣልህም። ኸላስ በለው። ኸላስ ማለት አለቀ ነው፤ ምን እንዳለቀ ግን አይናገርም። እሱ አረቄው አለቀ ብሎ ይሰማል፤ አንተ ሰውየው በቃው ብለህ ታስባለህ። ሁለታችሁም ሳትዋሹ ትለያያላችሁ።»

«ኸላስ» አልኩ። ምላሴ ላይ እንደ ቅቤ ለሰለሰልኝ። የእናቴ ቃል ስላልሆነ ይሆናል፣ አላሳፈረኝም።

ፈተናው ቅዳሜ ቀትር ላይ ሆነ። ደንበኛ ሆነው የሚፈትኑን የቀበሌው ሊቀመንበር ናቸው፤ ማኅተሟም በእሳቸው እጅ ናት። አሠልጣኙ በጠርሙስ ውሃ አዘጋጅቶ ነበር። እትዬ ማንጠግቦሽ አሽትተው ተቆጡ። «ውሃ? ውሃ ቀድቼ ቤቴን ላዋርድ?» ብለው ከነጠላቸው ሥር አንድ ጠርሙስ ሁለቴ የተጣራ ዳግም አረቄ አወጡ።

«ልምምዱ እውነተኛ ይሁን ጓድ» አሉ ሊቀመንበሩ። «ለሰፊው ሕዝብ ስል እቀምሰዋለሁ።»

መጀመሪያ ቀላል ነበር። ሰዉ ተራ በተራ ቀርቦ አንድ ሁለት ይቀዳል፤ ሊቀመንበሩ የሰከሩ መስለው ትንሽ ይወዛወዛሉ፤ ቀጂው «ይበቃዎታል ጓድ» ሲል «ትክክል!» ይሉና ማኅተሟ ላይ ትንፋሻቸውን እፍ አድርገው ይመቱለታል። እትዬ ማንጠግቦሽ ጋ ሲደርስ «ከማንጠግቦሽ እጅ ማን ይጠግባል!» ብለው ተንከተከቱ። እትዬም «ዛሬ ስሜን ቀይሬያለሁ ጓድ!» ብለው ጠርሙሱን ነጠቋቸው። አለፉ።

ግን ከየሰዉ አንድ ሁለት ነው። እኔ ከመጨረሻው ሁለተኛ ነበርኩ። ፊታቸው ስቆም ክርናቸውን አየሁት፤ ጠረጴዛውን እየፈለገ ነበር። ጨዋታው ቀርቷል፤ ሰውየው የእውነት ሰክረዋል።

አንዲት ቀዳሁ። ጨለጧት።

«ድገም።»

በሞቴ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣች። ነከስኳት። «ኸላስ» አልኩ።

«ምን?»

«ኸላስ ነው ጓድ ሊቀመንበር።»

ወደ ጠርሙሱ ጎንበስ ብለው በአንድ ዓይናቸው አዩት። «ምኑ ነው ያለቀው? ግማሽ ጠርሙስ ይታየኛል እኮ!»

ይህን አባ ኸላስ አላስተማሩኝም። የእሳቸው ማንቆርቆሪያ ብረት ነው፤ ውስጡ አይታይም። የእኔ ጠርሙስ ብርጭቆ ነው። ዞር ብዬ ፈለግኋቸው፤ እሳቸውም አፋቸውን ከፍተው ጠርሙሱን ያያሉ። መቅዳት እችል ነበር። ቀድቼ ወድቄ መሄድ። ግን ያ የወሎ ሰው ሁለት እጄን ይዞ ሲያመሰግነኝ ትዝ አለኝ።

«ጠርሙሱ አይደለም ጓድ» አልኩ። «እርስዎ ነዎት ያለቁት።»

በዚያ ዘመን ለአንድ ሊቀመንበር አልቀዋል ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። እትዬ ማንጠግቦሽ «ወየው ጎጃሜ» ሲሉ ሰማሁ። አሠልጣኙ ወረቀቱን ማራገቡን አቆመ።

«እኔ… አልቄያለሁ?» ብለው ተነሡ ሊቀመንበሩ። ስሜ የተጻፈበትን ወረቀት ከጠረጴዛው አንሥተው አጣጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። «ይሄ ሰውዬ ከሰኞ ጀምሮ መለኪያ ሲይዝ እንዳላይ! ሌላውን ደግሞ እንነጋገርበታለን።»

ያቺን «ሌላውን» ስሰማ ጠርሙሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ጓድ፣ ተራው የእኔ ነው» አለ አንድ ድምፅ። አባ ኸላስ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው በሰዉ መካከል መጡ። «እኔ የተጻፍኩት በሻይ ነው፤ በሻይ ልፈተን። ይቀመጡ እስቲ። ያለቀ ነገር እኮ ይሞላል።»

ሊቀመንበሩ ምን እንደሚመልሱ ሲያስቡ ሻዩ ከላይ እንደ ክር ወርዶ ብርጭቆውን ሞላ። ስኳሩን ስድስት ማንኪያ አደረጉት። ሊቀመንበሩ ቆመው አንድ ፉት አሉ፤ ከዚያ ተቀመጡ። ሁለተኛውን ጠጡ። ላባቸው ወረደ። ሦስተኛውን ሲጨርሱ ክርናቸው ጠረጴዛውን ሳይፈልግ አገኘው።

«ይድገሙኝ» አሉ።

አባ ኸላስ ማንኪያውን ብርጭቆው አፍ ላይ አጋደሙ። «ኸላስ።»

ሊቀመንበሩ ማንኪያዋን አዩአት። «እሺ» አሉ እንደ ተማሪ። ማኅተሟን እፍ አሉና መቱላቸው። «ሌላውን» ያሉት ነገር በዚያ ሻይ ውስጥ ቀልጦ ቀረ፤ ዳግመኛ ሲያነሡት አልሰማሁም። አሠልጣኙም አባ ኸላስን አንደኛ አላቸው። ከተማው ሳምንት ሙሉ ሳቀ፤ አረቄ አሽትተው የማያውቁ ሰው በአረቄ አቀዳድ አንደኛ!

እኔ አልሳቅሁም። እሑድ ዕለት ጓዜን ቋጥሬ የአብርሃ ጅራን ጭነት መኪና ስጠብቅ፣ ከዳሳቸው ብዙ የማይወጡት አባ ኸላስ መንገዱን ተሻግረው መጡ። እጃቸው ላይ ወረቀት አለ።

«ያ ዞል፣ ወረቀቱ ይኸው።»

«የኔ?»

«ማኅተም አለው። እይ።»

አየሁ። ክብ፣ ሰማያዊ፣ የእውነት ማኅተም ነው። ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አቀኑኝ።

«ጓድ ሊቀመንበር ይቅር አሉኝ ማለት ነው?»

«ሻይ ሲጠጡ ትቻቸው ነው የመጣሁት» አሉና ተመለሱ።

ወረቀቱን ከአረቄው ገንቦ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት። ሰኞ ጥበቃው መጣ፣ ማኅተሙን አየ፣ አለፈ። ወደ ማዶ ተሻግሮ አባ ኸላስን ወረቀት ሲጠይቃቸው ከበር ላይ እሰማ ነበር።

«የምን ወረቀት?»

«የመጠጥ ነዋ!»

«ሻይ ያሰክራል?»

«አያሰክርም።»

«እንግዲያው ምኑ ነው መጠጥ? ተቀመጥ፣ ልቅዳልህ።»

ጥበቃው ተቀምጦ ጠጣና ሄደ። እኔም ከልቤ ሳቅሁ። ወረቀታቸው የት ሄዶ ነው ብዬ አልጠየቅሁም። ሊቀመንበሩም የእኔን ወረቀት ደረት ኪሳቸው ውስጥ ላብ አጥፍቶት እንዳገኙት በኋላ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሲመጡ ሦስተኛዋ ላይ ራሳቸው «በል፣ ቃሏን በላት» ይሉኝ ነበር።

ስንት ክረምት እንዳለፈ እንጃ፤ መሠረተ ትምህርት መጣና አንድ የኒም ዛፍ ሥር ፊደል ቆጠርኩ። አስተማሪዋ የስማችሁን ፊደል እየፈለጋችሁ ተለማመዱ አለችን። እኔ ያለኝ ወረቀት አንድ ነው። ግድግዳው ሥር ቆሜ የምትኩን «ም» ፈለግሁ፤ ከላይ ወዲያው አገኘኋት። ሁለት ቀን ደስ ብሎኝ ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን ቃሉን እስከ መጨረሻው ሳነበው «የምስክር ወረቀት» ሆነ። «ም»ዋ የምስክር ነበረች።

ወደ ታች ወረድኩ። ስም ከሚለው ቀጥሎ የተጻፈው ጋ ደረስኩ። አንድ «ም» አለች፤ ግን የቃሉ መጀመሪያ አይደለችም፣ መጨረሻው ናት። ከፊቷ ያሉትን ፊደላት ደጋግሜ ቆጠርኳቸው። የእኔ አልነበሩም።

ወረቀቱን ከግድግዳው ነቅዬ ተሻገርኩ። «አባ፣ ይሄ ወረቀት የማን ነው?»

«ማን አነበበልህ?»

«ራሴ።»

«ራስህ? ወላሂ?» ብድግ አሉ። የጠየቅሁትን ረስተው፣ ሻይ የሚጠጣውን ሁሉ ዝም አሰኝተው፣ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች ጮክ ብዬ እንዳነብ አደረጉኝ። ስማቸው ጋ ስደርስ ጠጪው ሁሉ እሳቸውን አየ፤ ከዚያ በፊት ያንን ስም የሰማ አልነበረም።

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገሩኝም?» አልኳቸው።

ባዶ ብርጭቆ ሳቡና ማንኪያውን አፉ ላይ አጋደሙ። «ኸላስ» አሉ። ምኑ እንዳለቀ አልተናገሩም።

ሸሕዲ መኪና ተራ ለጠየቅሽው ሴትዮ፣ መልሱ ይኸውልሽ። አርባ ጊዜ ያነበብኩት ነውና አልሳሳትም። «አ» ናት፣ ቀጥላ «ደ»፣ መጨረሻ ላይ የእኔዋ «ም»፤ አደም ኢሳ።